ጅዳ የተፈረደ ፍቺ ኮምቦልቻ ያለውን ቤት ይነካል?

የሐይቅ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ የእህቴ ነው። እሷ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው።

እህቴ ብዙ ዓመት ጅዳ ሠርታለች። እዚያው እያለች የቃሉ ወረዳ ልጅ አገባች። ኒካሁ የታሰረው ጅዳ ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። በትዳር እያሉ ኮምቦልቻ ላይ ቦታ ተገዛና ቤት ተሠራ። ገንዘቡን በአብዛኛው የላከችው እሷ ነች። ካርታው ግን የወጣው በሱ ስም ነው።

ባለፈው ዓመት ጅዳ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፋቱ። የተሰጣት ወረቀት ላይ «አንዱ ከሌላው የሚጠይቀው ነገር የለም» የሚል ቃል ሰፍሯል። ስትፈርም በሐሳቧ የነበረው የመህሯና (ባል በኒካህ የሚሰጣት ገንዘብ) የኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ጉዳይ ነው። የኮምቦልቻውን ቤት ማንም አላነሳውም። አሁን የባልየው ወንድም ቤቱን ሊሸጥ ደላላ እያስገባ ነው። ሽማግሌ ልከን ነበር። «በፍርድ ያለቀ ነገር ነው፣ ወረቀቱን አንብቡ» ብሎ መለሳቸው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጅዳው ወረቀት ኮምቦልቻ ላይ ይሠራል ወይ? የማንስ ሕግ ነው የሚገዛን? የሳዑዲው፣ የአማራ ክልሉ፣ የፌዴራሉ ወይስ የሸሪአው? አንዱ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ሂድ ይለኛል። ሌላው ወደ ሸሪአ ፍርድ ቤት። ሌላው ደግሞ ባሕር ዳር ካልሄድክ አይሆንም ይለኛል። እህቴ አሁንም እዚያው ናት። የምሯሯጠው እኔ ነኝ።

ባቲ_ሰኞ

አብሽር ወንድሜ። እኔም ኩዌት ኖሬ የተመለስኩ ነኝ፤ ነገሩ ይገባኛል። የሕጉን ነገር የሚያውቁት ይመልሱልህ። እኔ የምልህ አንድ ነገር ነው። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ መሟገት ሌላ ጣጣ ነው። ነገ ዛሬ ሳትል እግድ አስወጣ። የገዛው ሰው «አላወቅሁም» ሲል ሦስተኛ ተከራካሪ ይመጣብሃል።

የላከችበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስብ። በባንክ የላከችው ከባንኩ ይወጣል። በሰው እጅ ወይም በሐዋላ ከላከች የተቀበለው ሰው ምስክር ይሁን። የስልክ መልእክትም ካለ አታጥፉት።

አባ_ከሚሴ

ልጄ፣ ነገሩን አታክብደው። ሁለቱም ሙስሊም ናቸው። ኒካሁ በሸሪአ ነው የታሰረው፤ ፍቺውም በሸሪአ ነው የተፈጸመው። እዚህ አገር ቃዲ አለን። ጉዳዩን ወደዚያ አቅርቡት። በሃይማኖታችን የሴት ገንዘብ የሴት ነው። ባል አይወርሰውም፣ አይቀማውምም። የላከችውን ካስረዳች ቃዲው ይመልስላታል። ባዕድ ሕግ ፍለጋ መንከራተት ምን ያደርጋል?

ጠበቃ_ከደሴ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ጥያቄ አለ። ሳይለያዩ ከሄዱ ነው ሰው የሚንከራተተው።

የመጀመሪያው ጋብቻው ነው። ጅዳ የታሰረ ኒካህ እዚህ ይጸናል? ይጸናል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 5 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት ከሆነና የሕዝብን ሞራል የማይቃረን ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጋ አለው። እኛ ጋ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። በዚህ ነጥብ መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ የጅዳው የኒካህ ወረቀት ትልቅ ማስረጃ ነው፤ በደንብ ያዙት።

ሁለተኛው ፍቺው ነው። ተፋተዋል፣ አልተፋቱም የሚለው የትዳር ሁኔታ ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ ማንም የሚከራከር አይመስለኝም። ሁለቱም ተፋተናል ይላሉና።

ሦስተኛው ቤቱ ነው። ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ያዛል። ይሄ የኛ አገር ብቻ አካሄድ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የሕጎች ግጭት ሲነሳ መሬትና ቤት ላይ የሚሠራው ንብረቱ ያለበት አገር ሕግ ነው የሚለው በጣም የቆየ መርሕ ነው። የጅዳ ዳኛ የኮምቦልቻ ካርታ ላይ ማዘዝ አይችልም። ማዘጋጃ ቤቱም በጅዳ ወረቀት ስም አያዛውርም።

እንግዲህ በእኛ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በጥረታቸው ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ወገን ራሱ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ካርታው በሱ ስም መሆኑ ብቻውን እህትህን አይጥላትም። ሸክሙ ያለው እሱ ላይ ነው።

«የሚጠይቀው የለም» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጠበቃው በደንብ ያንሳት። አዎ፣ ተቃራኒው ወገን እንደ ስምምነት ሊያቀርባት ይሞክራል። መልሳችሁ ቤቱ በዚያ ችሎት አልተነሳም፣ አልተዘረዘረም፣ ዳኛውም አልወሰነበትም የሚል ነው። ጠቅላላ የሆነ ቃል ያልተነሳ ቤት ድረስ ተዘርግቶ መተርጎም የለበትም ብላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ይህ ጠንካራ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ።

እህታችን ከባቲ ያለችው ትክክል ነው። እግድ ይቅደም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ለዚሁ የተቀመጠ ነው። ክርክር ያለበት ንብረት ሊሸጥ ወይም ሊጠፋ ሲል ፍርድ ቤቱ ያግዳል።

የሐይቅ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የጅዳው ወረቀት እዚህ ዋጋ የለውም ማለት ነው? ዋጋ ከሌለው እኮ ፍቺው ራሱ የለም ማለት ነው። ዋጋ ካለው ደግሞ ያቺ ቃል ትሠራለች።

ጠበቃ_ከደሴ

ጥሩ አድርገህ ያዝከው። የውጭ ፍርድን እንደ ማስረጃ ማየትና የውጭ ፍርድን ማስፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማስፈጸም ማለት «በዚህ ፍርድ መሠረት ቤቱን አስረክቡኝ» ወይም «ገንዘቡን አስከፍሉልኝ» ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ጉልበት መጠየቅ ነው። ለዚህ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 በር ሠርቶለታል። በሩ ጠባብ ነው። ማመልከቻው በጽሑፍ ይቀርባል። የፍርዱ የተረጋገጠ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን የሚገልጽ የፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ ይያያዛል። ከዚያ አንቀጽ 458 መስፈርቶቹን ያስቀምጣል። በዚያ አገር የኢትዮጵያ ፍርድ የሚፈጸም መሆን አለበት። ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመ መሆን አለበት። የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ መሆን አለበት። ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት። አፈጻጸሙም ለሕዝብ ጸጥታና ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ መሆን የለበትም።

የባልየው ወንድም በጅዳው ወረቀት ቤቱን ላስለቅቅ ቢል በዚህ በር ማለፍ አለበት። ወረቀት ደርድሮ ሽማግሌ ፊት ማውለብለቡ ብቻ አይበቃውም።

የመጀመሪያው መስፈርት እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል። የሳዑዲ መንግሥት የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽማል ወይስ አያስፈጽምም በሚለው የምትቀጣው የኮምቦልቻ ሴት ናት። ልጆቿን ይዛ የቀለብ ፍርድ ከዚያ ብታመጣ፣ በመንግሥታት መካከል ባልተደረገ ነገር ምክንያት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሁለት መንግሥታት ባልተስማሙበት ለምን ሕፃን ይራባል? ይህ መስፈርት ለቀለብና ለልጅ ጉዳይ ቢያንስ መነሳት አለበት እላለሁ።

ሕግ_ተማሪ_ወሎ

ጋሼ ጠበቃ፣ እኔ ከርስዎ ትንሽ ልራቅ። መስፈርቱ አንዱ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ኢትዮጵያ የትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ የሚናገር የተደራጀ ሕግ የላትም።

ታሪኩ የሚያስቆጭ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በረቂቃቸው ውስጥ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚባለውን፣ ማለትም ጉዳዩ ሁለት አገር ሲነካ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የሚናገረውን ክፍል አስገብተው ነበር። ሕጉ ሲጸድቅ ያ ክፍል ቀረ። እስከ ዛሬም አልተተካም። ግብፅ ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 10 እስከ 28 ይህንኑ ጉዳይ ደንግጋለች። ከኛ በፊት ማለት ነው።

እኛ ጋ ያለው ሥልጣንን የሚመለከት ነው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 25/1988፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ጉዳዮች ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሰጥተዋል። ማን እንደሚያየው ታወቀ። በምን ሕግ እንደሚያየው ግን አልተነገረም። ዳኛው ከትምህርት ቤት ባገኘው መርሕና ከልምድ ይሠራል። አንዱ ችሎት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይላል። የንጉሡ ዘመን ፍርድ ቤት ከግሪክ የመጣን ፍርድ ስምምነት የለም ብሎ አለማስፈጸሙን በትምህርት ቤት እናነባለን። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ስንት እጥፍ በዝቷል! ከወሎ ያልሄደ ቤተሰብ የለም። ሕጉ ግን እዚያው ቆሟል።

ባቲ_ሰኞ

ባሕር ዳር የሚሉት ለዚያ ነው ማለት ነው? የፌዴራል ከተባለ አዲስ አበባ ነው ብዬ ነበር እኔ።

ጠበቃ_ከደሴ

አዎ እህቴ፣ ለዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ያደርጋል። ስለዚህ እኛ ክልል ውስጥ የውጭ ፍርድ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው መንገዱ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

የሐይቁ ወንድማችን ግን ይፈጸምልኝ አላለም። ኢትዮጵያውያን የነበሩ ባልና ሚስት ኮምቦልቻ ያለ ቤት ይካፈሉ ነው የሚለው። ክሱን ሲጽፉ ይህን ፊት ለፊት ያስቀምጡት። ተከሳሹ «ጋብቻውም ፍቺውም ውጭ ስለሆነ ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል። ያንን ጠብቁት። መልሱም ከወዲሁ ይዘጋጅ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር የውጭ ሕግ ምርጫ ሳይሆን እዚህ ያለ የጋራ ንብረት ነው።

አባ_ከሚሴ

ጠበቃው በደንብ አስረድተዋል፣ አላህ ይስጥልን። ግን ያልኩትን አልመለሱልኝም። የሸሪአ ፍርድ ቤት በሕግ የታወቀ አይደለም እንዴ? ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ በንጉሡ አዋጅ የቃዲ ችሎት ተቋቁሟል። ከዚያም በፊት አባቶቻችን በቃዲ ነው የተዳኙት። ዛሬ ምን መጣ?

ጠበቃ_ከደሴ

አባቴ፣ በሚገባ የታወቀ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን አይከለክልም። የፌዴራሉ የሸሪአ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደራጅተዋል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጅ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ሥራ የተሰጠ ንብረት)፣ ስጦታና ኑዛዜ ያያሉ። ክልሎችም የራሳቸው አላቸው።

ነገር ግን ቁልፉ ፈቃድ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች መፍቀድ አለባቸው። ሙስሊም መሆን ብቻውን ፈቃድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያየው ጉዳይ ይህን ዘግቶታል። አንዲት ሴት በሸሪአ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብላ ተቃወመች። ክርክሩ ግን ያለ ፈቃዷ ቀጠለ፤ ተፈረደባትም። በይግባኝም አልተስተካከለላትም። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው።

ለሐይቁ ወንድማችን የምለው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። ዝም ማለት ፈቃድ ይሆናል ማለት ነው። ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ እህትህ እዚያ መዳኘት ካልፈለገች መጥሪያ ሲመጣ ቀርባችሁ «አልፈቀድንም» በሉ። መጥሪያውን አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱት።

አባ_ከሚሴ

ይህ ትክክል ነው። በግድ የሚሆን ዳኝነት በእኛም ዘንድ ጥሩ አይደለም። ግን ልጅቷ ፈቅዳ ወደ ቃዲ ብትሄድ ታጣለች የሚል ወሬ እንዳይነዛ ነው የፈራሁት።

ጠበቃ_ከደሴ

አልነዛም አባቴ። ልዩነቱን ግን ሳትነገራት መምረጥ የለባትም። በሸሪአ የባልና የሚስት ሀብት በጋብቻ ምክንያት አይቀላቀልም። የሷ የሷ ነው፣ የሱ የሱ ነው። እንዳሉት የላከችውን ገንዘብ ማስረዳት ከቻለች ትጠይቃለች። ማስረጃ የሌለው ግን ያስቸግራታል። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋራ ነው የሚል ግምት አለ፤ ማስተባበሉ የሱ ሸክም ነው። ደረሰኝ የጠፋባት ሴት ሁለተኛው ይሻላታል። ደረሰኟ ሁሉ በእጇ ያለ፣ ቤቱን ሙሉ በሙሉ በራሷ ገንዘብ የሠራች ሴት ደግሞ የመጀመሪያውን ልትመርጥ ትችላለች። ምርጫው የሷ ነው።

ውርስ ላይም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ። በሸሪአ የወንድና የሴት ልጅ ድርሻ ይለያያል። እህትና ወንድም ተስማምተው በሸሪአ ቢከፋፈሉ ማንም አይከለክላቸውም። እህት ሳትፈቅድ ግን አይሆንም።

ወልዲያ_ዲሲ

እኔም ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ስለሆንኩ ልግባ። አባታችን ወልዲያ ነው ያረፉት። ቤቱም እዚያ ነው። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ወንድሞቼ «አንተ የውጭ ዜጋ ነህ፣ አትወርስም» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት የውርስ ፋይል ልክፈት ወይስ ወልዲያ?

ሕግ_ተማሪ_ወሎ

ወንድማለም፣ እዚህ ላይ መልሱ ቀለል ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ወልዲያ ነው ማለት ነው። ልጅነትህም በዜግነትህ አይፋቅም። አሜሪካ ፋይል መክፈት ወልዲያ ላለው ቤት አያስፈልግህም።

ዜግነቱ የሚነካው ቤት መያዝን ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 አለ። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ለውጭ ዜጎች የተቀመጠው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክልከላ አይመለከተውም። ስለዚህ ካርዱን አውጣ። ከወንድሞችህም ጋር በፍቅር ለመጨረስ ሞክር፤ የአባት ቤት ነው።

ወልዲያ_ዲሲ

እግዜር ይስጥልኝ። ቢጫ ካርዱ አለኝ፣ አልነገሩኝም እንጂ።

ሕግ_ተማሪ_ወሎ

ወደ ዋናው ልመለስ፤ ብዙዎች ያላዩት ነገር አለ። ግጭቱ በአገሮች መካከል ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥም አለ።

የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በ213/1992 ይሠራሉ። እኛ በ79/1995። ሌሎች ብዙ ክልሎችም በየራሳቸው። ደሴ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አግብታ፣ ኮምቦልቻ ቤት ሠርታ የተፋታች ሴት የትኛው ነው የሚገዛት? ከባቲ ቁልቁል ወርዳ አፋር ክልል ያገባችስ? ባቲ ገበያ ላይ አንድ ቀን የሚገናኙ ሰዎች በሁለት የቤተሰብ ሕግ ሥር ይኖራሉ። በክልሎች መካከል የትኛው ሕግ ይቅደም የሚል አገር አቀፍ ደንብ የለንም። ሕጎቹ ስለሚመሳሰሉ ችግሩ ብዙ ጊዜ አይታይም። በሚለያዩበት ነጥብ ላይ ግን ይታያል።

ይህ ውጭ አገርም ይከተለናል። በግብፅ ሕግ አንቀጽ 13 ፍቺ የሚዳኘው በባልየው የዜግነት ሕግ ነው። ካይሮ ያለ ዳኛ የኢትዮጵያን ሕግ አምጡ ሊል ነው። የትኛውን? የግብፅ ሕግ አንቀጽ 26 ለዚህም መልስ አለው፤ ብዙ ሕግ ያለበት አገር ከሆነ የዚያው አገር የውስጥ ሕግ የትኛው እንደሚሠራ ይናገር ይላል። የእኛ የውስጥ ሕግ ግን ዝም ብሏል። ዳኛው ወደ እኛ ይልካል፤ እኛ መልስ የለንም። በዚያች ዝምታ ውስጥ የሚጎዳው ካይሮ ያለው ወሎዬ ነው።

አባ_ከሚሴ

ልጄ፣ ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። አንድ ልጨምር። እኛ ጋ እዚህ ሚስት ትቶ የሄደ ሰው እዚያ ሌላ ያገባል። ሳዑዲ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሲመለስ ሁለት ቤተሰብ ይዞ ነው። የእነዚያ ልጆች ነገር ምንድን ነው?

ጠበቃ_ከደሴ

ትልቅ ጥያቄ ነው። ልጆቹን በተመለከተ ጥርጥር የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት አላቸው ይላል። የእናታቸው ጋብቻ ጸና አልጸና፣ አባታቸው ይቀልባቸዋል፤ ይወርሱታልም።

የሁለተኛዋ ጋብቻ ግን አስቸጋሪ ነው። የተፈጸመበት አገር ሕግ ፈቅዷል። እኛ ጋ የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። የውጭ ጋብቻ «የሕዝብን ሞራል የማይቃረን ከሆነ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይፈተናል። የእኔ አመለካከት፣ ሴትየዋ ያፈራችው ሀብት ካለ በጋብቻው አለመጽናት ምክንያት መና መቅረት የለበትም። የመጀመሪያዋን ሚስት ድርሻም መቁረስ የለበትም። ሁለቱም ሠርተዋል። ዳኛው ማን መቼ ምን እንዳፈራ ለይቶ ማየት አለበት።

ሕግ_ተማሪ_ወሎ

አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ የውጭ ኩባንያ ከአገር ውስጥ ነጋዴ ጋር ቢጣላና ውጭ አገር በግልግል ዳኝነት ቢፈረድለት፣ መንገድ አለው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የውጭ የግልግል ፍርድ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት አጽድቃለች። ያ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ያለ ነው። በ2013 ደግሞ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237 ወጣ። ለነጋዴው በሩ ተከፈተለት፤ ጥሩ ነው። እዚያው ከተማ ለምትኖረው ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ግን የቀለብ ፍርዷ የሚያልፍበት በር ያው የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ለኢንቨስትመንት ሲባል የተቻለ ነገር ለእናቶች ሲባል ለምን አይቻልም?

ጠበቃ_ከደሴ

በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ሙሉ በሙሉ።

የሐይቅ_ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ከእህቴ ጋር ትናንት ማታ በስልክ አወራን። በመደበኛው ፍርድ ቤት እንዲታይላት ወስናለች። ጠበቃ እናቆማለን፣ መጀመሪያ እግድ። አሁን የቀረኝ የወረቀቱ ነገር ነው። ውክልና እንዴት ትላክልኝ? የኒካሁና የፍቺው ወረቀትስ?

ባቲ_ሰኞ

ይሄ የኔ ነው። ውክልናውን ጅዳ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ትስጥ። ፓስፖርቷንና ኢቃማዋን ይዛ ትሂድ። የዐረብኛ ወረቀቶቹ ደግሞ መጀመሪያ በዚያው አገር የውጭ ጉዳይ ይረጋገጣሉ፣ ከዚያ በእኛ ቆንስላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ከዚያ ወደ አማርኛ በታወቀ ተርጓሚ ይተረጎማሉ። አንዱ ማኅተም ከጎደለ መልሰው ነው የሚልኩህ። ዋናውን ወረቀት በሰው እጅ አትላኩ፤ መንገድ ላይ የጠፋበት አውቃለሁ።

ጠበቃ_ከደሴ

ውክልናው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ብላ እንዳትልክ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ክስ መመሥረት፣ መከራከር፣ መታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። በስም ተጠቅሶ ይጻፍ። መሸጥን ግን አስፈላጊ ካልሆነ አታስገቡት። ለክርክሩ የሚበቃውን ሥልጣን ብቻ ስጪ በሏት። በሸሪአ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የመፍቀድ ሥልጣንም ያለ ፍላጎቷ እንዳይገባ አንብቡት።

የሐይቅ_ልጅ

ገባኝ ጋሼ። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። እህቴ ስትሄድ ኤጀንሲው ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ስም አስገብቶባት ነበር። ዕድሜዋም ተጨምሯል። ኒካሁም ፍቺውም ገንዘቡም በፓስፖርት ስሟ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋና የትምህርት ማስረጃዋ ግን በእውነተኛ ስሟ ነው። ተቃራኒው ወገን «ይቺ ሌላ ሴት ናት» ቢለንስ?

ባቲ_ሰኞ

ወይ አምላኬ! ስንቶቻችን ነን በሌላ ስም የሄድን። ባቲ ብትጠይቅ በየሰፈሩ አለ። ክርስቲያን ሆና በሙስሊም ስም የሄደችም አለች።

ጠበቃ_ከደሴ

ይህ ከክሱ በፊት መስተካከል አለበት። ለፍርድ ቤት ማመልከቻ አቅርቡና ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስወስኑ። የሚያውቋት ጎረቤቶች፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ ከተቻለም የድሮ ፎቶዋ ማስረጃ ይሆናል። የቆንስላው ውክልና በፓስፖርት ስሟ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ውሳኔው ከውክልናው ጋር አብሮ መያያዝ አለበት። ያንን ሳትይዙ ክስ ብትከፍቱ የመጀመሪያው ቀጠሮ በስም ክርክር ያልቃል። እግዱን ግን አታዘግዩት፤ የስሙ ማመልከቻ መቅረቡን የሚያሳይ ወረቀት አያይዛችሁ እግዱን ጠይቁ።

የሐይቅ_ልጅ

እሺ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን ይዤ እገባለሁ። ጎረቤቶቹን ዛሬውኑ አነጋግራለሁ።